በእድሩ ሜዳ ላይ የበቀለው ሸርተቴ

አረፋ ሲደርስ ኮልፌ ከነሥሯ ትነቀላለች። ስልጤውና ጉራጌው ሱቁን ቆልፎ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ትውልድ ቀዬው ሲተም፣ 18 ማዞሪያ ላይ የታክሲ ረዳቱ የሚጠራው ተሳፋሪ አጥቶ ለራሱ ይጮሃል፤ የሰፈሩ ውሾች እንኳ የሚጮሁበት ሰው ፍለጋ ወደ ዘነበወርቅ ይወርዳሉ። በያጁ ጀማልም እንደ ደንቡ ሄዶ ነበር። ዘንድሮ ያረደው በሬ ቀንዱ በግቢው በር አላልፍ ብሎ አጥር ፈርሶለት ነው የገባው። ግን ነገሩ የበሬው አይደለም። ነገሩ፣ ጀማል በዓሉን አክብሮ፣ በአንድ እጁ የቅቤ ዕቃ በሌላው የቆጮ ጥቅል አንጠልጥሎ ከታክሲ ሲወርድ፣ በእድሩ ሜዳ ላይ ቆሞ የጠበቀው ነው።

ሸርተቴ ነበር። ያውም ራሱ የሠራው ሸርተቴ።

ቢጫና ሰማያዊ ተቀብቷል። በጎኑ የብዙ ሰው መዳፍ በቀለም ታትሞበታል። ዙሪያውን አሮጌ ጎማ ተቀብሮ፣ ጎማው ውስጥ አበባ ተተክሎ፣ አበባውን የሐምሌ ዝናብ አስጥሞታል። አራቱ የሸርተቴው እግሮች ከመሬት ሲወጡ ዙሪያቸው ግራጫ ነው። አርማታ።

ጀማል የቅቤውን ዕቃ መሬት ላይ አስቀመጠ። ቅቤ መሬት ላይ አስቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው።

ይህ ሜዳ ሜዳ ይባል እንጂ ከሰፈሩ ቤቶች መሀል የተረፈ አንድ ቁራጭ መሬት ነው። የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። መተላለፊያው ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ ሁለት ወፍራም ሰዎች ከተገናኙ አንዱ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ሰው ካልሞተ ሜዳው ባዶ ነው። ባዶ በመሆኑም ሰፈሩ ደስ ይለዋል፤ ሜዳው ባዶ ነው ማለት ሁሉም በሕይወት አለ ማለት ነው። የድንኳኑ ኃላፊ ደግሞ ጀማል ነው። ካስማውን፣ ምሰሶውን፣ ሸራውን፣ አግዳሚ ወንበሩን ሁሉ እሱ ነው የሚያዘው። ጀማል የተከለውን ድንኳን አንድ ጊዜ የነሐሴ ነፋስ ሊነቅለው መጥቶ፣ ሲታገል ውሎ፣ ደክሞት ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ሄዷል።

ሸርተቴውን እንዴት ሠራው? ከአረፋ በፊት ቃለጽድቅ የሚባል፣ አንገቱ ላይ ባጅ የማይጠፋ ወጣት ወርክሾፑ መጥቶ ነበር። ቃለጽድቅ በየክረምቱ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎችን ይዞ የሚዞር አስተባባሪ ነው። ተማሪዎቹ እያገለገሉ ይማራሉ፤ ላገለገሉበትም ማርክ ያገኛሉ። በእነሱ አገር ወሩ በጋ ነው። እዚህ ክረምት መሆኑን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ፣ አምና የአንድ መዋለ ሕፃናት አጥር ቀብተው ዝናቡ ቀለሙን ጠራርጎ ስላወረደው፣ ኮልፌ አረንጓዴ ጎርፍ ስትሻገር ከርማለች። ዘንድሮ ብረት ይሻላል ተባለ። «ጋሼ፣ ለልጆች መጫወቻ ነው፤ ጠንካራ ይሁን» አለ ቃለጽድቅ። ጀማል የት እንደሚተከል አልጠየቀም። መዋለ ሕፃናቱ ነው ብሎ አሰበ። ጠንካራ ይሁን የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማም።

ሠራው። ወፍራሙን የቱቦላሬ ብረት ሁለት ሁለቱን አጣምሮ፣ መገጣጠሚያውን በድርብ በይዶ። ጀማል የበየደውን በር ሌባ ሲያየው ሰላምታ ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። ሲያስረክብም ምክር ጨመረበት፤ «እግሩን እስከ ጉልበቴ ድረስ ቅበሩት፣ አርማታ ሙሉበት። ከዚያ ዝሆን ከነቤተሰቡ ይንሸራተትበት።»

ሰምተውታል። እስከ ጉልበቱ ቀብረውታል።

ቤቱ ሳይገባ፣ ቆጮውን እንዳንጠለጠለ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረአምላክ ቤት ሄደ። ጋሽ ገብረአምላክ ከቦንጋ ማር እያስመጡ ሲሸጡ ያረጁ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ከማሩ ጋር አብሮ ስለኖረ ይሆናል።

«ጋሽ ገብሬ፣ ሜዳው ላይ የቆመው ምንድነው?»

«እንኳን በደህና ገባህ። በሬው እንዴት ነበር?»

«በሬውን ይተዉት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤቴ መጡ፣ ጀማል። ያቺ አስተማሪያቸው፣ የኔ እኩያ የምትሆን ሴት፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ስኳር ይዛ። ሜዳው ላይ ለልጆች አንድ ነገር እንሥራ ወይ አሉኝ። ቤትህ የገባ እንግዳ እየለመነህ፣ አይሆንም ትላለህ?»

«እላለሁ።»

«አትልም።»

ጀማል አሰበው። አይልም ነበር። ይሄ ደግሞ ይብስ አናደደው።

«ስብሰባ ይጠራ አይባልም?»

«ማንን ልጥራ? ግማሹ እድር በሬ እያረደ ነው። ደግሞ ልጁ፣ ብረቱን የሠራው ጀማል ነው ሲለኝ፣ እንግዲያማ ጀማል ያውቀዋል አልኩ። የድንኳኑ ኃላፊ ያወቀውን እኔ ልከልክል?»

ሰው ሁለት ጊዜ የሚናደደው እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ በተሠራበት፣ አንድ ጊዜ የሠራው እሱ ራሱ በመሆኑ።

ቃለጽድቅን በማግስቱ ማዞሪያው ላይ፣ ማኪያቶ እየጠጣ አገኘው።

«ጋሼ፣ ቦታው ባዶ ነበር እኮ» አለ ልጁ። «ሳምንቱን ሙሉ እየመጣን አየን። ማንም አይጠቀምበትም።»

«ሰው አልሞተማ።»

«እሱማ…»

«ሰው እንዲሞትላችሁ ፈልጋችሁ ነበር? ብትነግሩን አንዱን እንመርጥላችሁ ነበር።»

ቃለጽድቅ ሳቀ፤ የጀማልን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «እስከ ምረቃው ብቻ ይታገሡኝ። ዩኒቨርሲቲያቸው ፎቶ ይጠብቃል። ተመርቆ ፎቶ ይነሱ፣ ከዚያ እኔ ራሴ አስነሳዋለሁ።»

ጀማል ታገሠ። ታገሠ ሲባል፣ በየቀኑ ሜዳው አጠገብ ሲያልፍ ጥርሱን ስለሚያፋጭ የሰፈሩ ሰው ወፍጮ ተተክሏል ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። ሚስቱ ሃፊዛ ግን አልራራችለትም።

«የምትናደደው በፈረንጆቹ ነው፣ በብየዳህ?»

«ዝም በይ ሃፊዛ።»

«አይ፣ ላውቀው ብዬ ነው። ደካማ አድርገህ ብትሠራው ኖሮ እስካሁን ይወድቅ ነበር።»

ጀማልን እንቅልፍ የነሳው የእትዬ ዘመነች ነገር ነው። እትዬ ዘመነች ቤታቸው ከሜዳው አፋፍ ላይ ነው፤ በራቸው ሲከፈት ወደ ድንኳኑ ነው የሚያየው። ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሙስሊም ሞተ ክርስቲያን፣ ድስታቸውን ተሸክመው ከች ይላሉ። የጀማል እናት ያረፉ ጊዜ ያን ሁሉ ለቀስተኛ ያበላው የእሳቸው እጅ ነው፤ የድስቱን ጢስ ያየ ሰው ከዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ሊያስተዛዝን መጥቷል። አሁን ግን አልጋ ላይ ወድቀዋል። ባለፈው ለቅሶ ላይ፣ ጉልበታቸው እንቢ እያለ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ጀማልን እጁን ይዘውታል።

«ጀማልዬ፣ የኔ ቀን ሲደርስ በሩን ወደ ቤቴ አዙረህ ትከልልኝ። ልጄ ምህረት ብቻዋን ናት። ቤታችን ሰው አይዝም። ቀና ስትል ሰው ትይ።»

«ወላሂ እትዬ፣ ሚኒስትር ያላገኘውን ድንኳን ነው የምተክልልዎት።»

ቃሉን ሰጥቷል። በወላሂ ሰጥቷል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ገና ሳይወርድ፣ ጡሩምባው ተነፋ። ጀማል ፊቱን እየታጠበ ነበር። የጡሩምባ ነፊው ድምፅ በመተላለፊያው እየተጠጋ፣ «ወይዘሮ ዘመነች አርፈዋል፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት» እያለ አለፈ። ጀማል ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እያለ ቆመ። ከዚያ ሳይጠራረግ ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ከወርክሾፑ አንስቶ ወጣ።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ሸርተቴው ላይ ሪባን ታስሮበታል። በሁለት እንጨት መሀል ባነር ተወጥሯል። የምረቃው ቀንም ያ ቀን ነበር።

ግራይንደሩን ከጋሽ ገብረአምላክ ቤት በኬብል ሰካው። ምንም። መብራት ጠፍቷል። ጀማል ግራይንደሩን ያየበት ዓይን ብረት ይቆርጥ ነበር፤ ዓይን ግን አይቆርጥምና የብረት መጋዙን፣ ሰጌቶውን፣ ሊያመጣ ተመለሰ። ሲመለስ ጋሽ ገብረአምላክ በካፖርታቸው ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሌላ ሰጌቶ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ በአንደኛው እግር ሥር ተንበርክከዋል።

«ይነሱ ጋሽ ገብሬ። ወገብዎ።»

«ቁረጥ» አሉት፤ ቀና ሳይሉ።

ቆረጡ። ሰጌቶው ሲሄድ ሲመለስ፣ ዝናቡም መጣ። ያን ቀን የዘነበው ዝናብ ሰማይ ላይ ባኞ የተገለበጠ ነበር የሚመስለው። ቱቦላሬው አልነካም አለ። ጀማል በሕይወቱ እንዲህ የሚጠላው ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ድርብ ቱቦላሬ። ድርብ። የትኛው ሞኝ ነው ለልጆች ሸርተቴ የባቡር ድልድይ የሚያቆም? የሰጌቶ ምላጭ ይሰበራል፣ ሌላ ይተካል፣ ያም ይሰበራል። በእያንዳንዱ ስብራት የሚሰድበውን ሰው ይቀይራል፤ ቃለጽድቅን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ መብራቱን፣ ዞሮ ዞሮ ራሱን።

ሁለተኛው እግር ሲቆረጥ ሚኒባሱ መጣ። ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ በላዩ ላይ የዝናብ ልብስ ደርበው ወረዱ። አስተማሪያቸው ዶክተር ሊንዳ ጃንጥላ ዘርግታ። ቃለጽድቅ ከፊት እየሮጠ።

«ጋሼ፣ ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ተነጋግረን አልነበረም እንዴ?»

«እትዬ ዘመነች አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። ግን ለአንድ ሰዓት ብቻ…»

«ምሰሶው የሚቆመው እዚህ ነው» አለ ጀማል፣ የሸርተቴውን መሰላል በሰጌቶው እጀታ እየመታ። «ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ድንኳን ማግኘት አለበት። አንተ ወዲያ ሂድ።»

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ኖራ የምትባል ረጅም ልጅ፣ ቃለጽድቅን በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ቃለጽድቅ ፈገግ ብሎ መለሰላት። ጀማል ጅዳ ብረት ሲበይድ በኖረባቸው ዓመታት ከእንግሊዝ ንግሥት የሚተርፍ እንግሊዝኛ ተምሯል፤ ቢያንስ ውሸት ለመለየት ይበቃዋል። ልጁ «እያጠበቁት ነው» ነው ያላት።

«አጥባቂ አደረግከኝ?» አለ ጀማል ተነስቶ። «ንገራት።»

«ጋሼ፣ ቀስ ብዬ…»

«አሁን ንገራት።»

ቃለጽድቅ ባጁን እያሻሸ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የእትዬ ዘመነች በር የተከፈተው። ምህረት ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። ምህረት የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። በዝናቡ ውስጥ መጥታ ባነሩ ሥር ቆማ፣ በዝግታ፣ ለፈረንጆቹ ነገረቻቸው። እናቷ ዛሬ ጠዋት መሞታቸውን፣ ቦታው የለቅሶ ቦታ መሆኑን፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በዓል ላይ እንደነበረ። ይቅርታ እንደምትጠይቃቸውም ነገረቻቸው። ይቅርታ።

የጀማል ደም ከእግር ጥፍሩ ተነስቶ ጆሮው ላይ ደረሰ። የእናቷ ሬሳ እቤት ተኝቶ፣ ምህረት ወጥታ ለሰው ታስረዳለች።

ይኸም አልበቃም። ተማሪዎቹ ማልቀስ ጀመሩ። አንዷ አቀፈቻት፣ ሌላው ደገመ፣ ከዚያ ሁሉም ከበቧት። ዶክተር ሊንዳ ጃንጥላዋን ዘግታ፣ ክብ ሠርተው እንዲቆሙ፣ እያንዳንዱ የተሰማውን እንዲናገር አደረገች። የእነሱ ደንብ ነው፤ ምሽት ምሽት ሆቴላቸው ውስጥ ያደርጉታል፤ ለማርኩም ይቆጠራል። ምህረት መሀል ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ስሜት ትሰማለች። አንዱ ስለ ሴት አያቱ ተናገረ። ሌላዋ ስለ ውሻዋ።

«ልቀቋት» አለ ጀማል።

አልሰሙትም። ወይም ሰምተው አልገባቸውም።

ሰጌቶውን ጥሎ ክቡን ሰብሮ ገባ። ጀማል ሲጮህ የዘነበወርቅ ሆስፒታል በሽተኞች ይነሳሉ ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን አልጮኸም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ የሚያስፈራውም ያ ነው። «አንተ ቃለጽድቅ። አሁን አንዲት ቃል ሳታጎድል ተርጉም። የሞቱት የእሷ እናት ናቸው። የምታለቅሰውም የምትጽናናውም እሷ ናት። እናንተን ለማባበል አልወጣችም። ሐዘኗን ወሰዳችሁባት። ተርጉም።»

ቃለጽድቅ ተረጎመ።

«ለማገልገል ነው አይደል የመጡት? ያ ሳጠራ በር ያለው የእድሩ መጋዘን ነው። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ካስማ አለ፣ ሸራ አለ። ይሸከሙ። ተርጉም።»

ዶክተር ሊንዳ ራሷን ነቀነቀች። ቃለጽድቅ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነገረው፤ «ከባድ ዕቃ መሸከም አይፈቀድላቸውም ጋሼ። ኢንሹራንሳቸው አይሸፍንም።»

ጀማል ምህረትን ክንዷን ይዞ ወደ ቤቷ መለሳት፣ በሩን ዘጋላት፣ ተመልሶ መጣና ሰጌቶውን አነሳ።

ኖራ ግን ወደ መጋዘኑ ሄደች። አግዳሚውን ብቻዋን አነሳችው፤ አያያዙን አታውቅበትም፣ ጫፉ ጭቃ ላይ እየተጎተተ መጣ። ሃፊዛ፣ የሰፈሩ ሴቶች ከሚቀቅሉበት ድስት አጠገብ ቆማ ታይ ነበርና፣ መጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘችላት። «ከፍ፣ ከፍ» አለቻት። ቀሪዎቹ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮት ያያሉ። መስኮቱ በትንፋሻቸው ደመነ።

ሬሳው ሲወጣ አራተኛው እግር ተቆረጠ። ሸርተቴው ሲወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ አየር ጤና ድረስ ብርጭቆ ተንቀጥቅጧል ያሉም አሉ። የሰፈሩ ወንዶች ግማሹ ከሬሳው ጋር፣ ግማሹ ከምሰሶው ጋር ሄደ። ድንኳኑ ቆመ፤ በሩ ወደ እትዬ ዘመነች ቤት። ነገር ግን የሸራው ጣራ በበሩ በኩል ውኃ ይዞ፣ ለቀስተኛው የሚገባበት ላይ ያንዠቀዥቃል። ጀማል ወዲያ ወዲህ ተመለከተ። የሸርተቴውን ላሜራ ከብረቱ ፈልቅቆ፣ ከሸራው ሥር አጋድሞ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ቦዩ አዘነበለው። ውኃው በቢጫው ላሜራ ላይ እየተንሸራተተ፣ መዳፎቹን እያጠበ ወደ ቦዩ ወረደ። ምህረት ከቀብር ስትመለስ እግሯ ሳይርስ ገባች። ቀና ስትል ሰው አየች።

ጀማል ድንኳኑ ውስጥ አልተቀመጠም። የተቆረጡት አራት ጉማጆች ከመሬት ብቅ ብለው ቀርተዋል፤ እያንዳንዱን ሽማግሌ ጥፍሩን ይመቱታል። ጆንያ ጠቅልሎባቸው፣ አጠገባቸው ቆሞ፣ «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» እያለ ሲያሳልፍ ዋለ።

የሠልስቱ ማግስት፣ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ቃለጽድቅ መጣ። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ አስተዛዝኖ፣ ከዚያ ጀማልን ገለል አደረገው።

«ተማሪዎቹ ትናንት ሄዱ ጋሼ። ዶክተር ሊንዳ ግን በጣም ደስ ብሏታል።»

«በምኑ?»

«በላሜራው። ፎቶ አንስታዋለች። ማኅበረሰቡ ፕሮጀክቱን የራሱ አደረገው አለች። የሚቀጥለው ዓመት የውኃ መውረጃ ሥራ እንያዝ እያለች ነው።»

ጀማል ወደ ወርክሾፑ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ዲጅኖ ይዟል፤ ከባዱን፣ ድንጋይ ሲያየው የሚሰነጠቅለትን። ቃለጽድቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ያዝ።»

«ምን ላድርግበት?»

«ፎቶው ተነስቷል። አስነሳዋለሁ ብለህ ነበር። እነዚህ አራቱ ሳይነቀሉ ሰው ቢሞት ማንን ነው የምጠራው? አሜሪካ ልደውል?»

ልጁ ነጭ ጫማውን አየ፣ ዲጅኖውን አየ፣ ጋሽ ገብረአምላክን አየ። ጋሽ ገብረአምላክ ከአግዳሚው ላይ ሆነው፣ ክፉ ቃል የማያውቀውን አፋቸውን ከፈቱ፤ «ቆፍር።»

ባጁን ወደ ኪሱ ከቶ ቆፈረ። ዝናቡ ጭቃውን እያላላለት እንኳ አርማታው አያልቅም። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ጉድጓዱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ እስከ ባቱ ደረሰ፤ ግራጫው ገና ወደ ታች ይወርዳል። ላቡና ዝናቡ ተቀላቅሎ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ማለቂያ የለውም እኮ። እስከ ጉልበቴ ቅበሩት ያሉኝ እርስዎ ነበሩ።»

ሃፊዛ በሸራው መታጠፊያ ጀርባ ሳቋን አፈነች።

ጀማል ልጁን ሊሰድበው ፈለገ፤ ለስድብ የሚሆን ቃል በአማርኛም በስልጥኛም በዓረብኛም አዘጋጅቶ ነበር፤ ሁሉም ወደ ራሱ ዞረበት። ሁለተኛውን ዲጅኖ ከመጋዘኑ ግድግዳ ላይ አንስቶ፣ በሚቀጥለው ጉማጅ ሥር፣ ሙሉ ንዴቱን አሳርፎ ወጋው። ብረቱ ብልጭ አለና ነጠረ።

«ድርብ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ድርብ ነው የሠራሁት። ቆፍር።»